ደም አይናጥም፦ የላቦራቶሪ ባለሙያው ለአድማጮች የሰጡት መልስ

(ከደሴ ከሚተላለፍ የጤና ፕሮግራም የስልክ ጥያቄዎች የተወሰደ)

አድማጭ ከፒያሳ፦ «የሰጠሁት ደም ‹ሄሞላይዝድ ሆኗል፣ እንደገና ስጪ› ተባልሁ። ደሜ ታመመ ማለት ነው?»

አብሽሪ እኅቴ። አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸው ናሙናው እንጂ ደምሽ አይደለም። ሄሞላይዝድ ሆነ የምንለው ቀይ የደም ሕዋሳት ፈንድተው በውስጣቸው ያለው ወደ ውጭ ሲፈስስ ነው። ደሙን በማሽን አሽከርክረን ሕዋሱ ወደ ታች ሲዘቅጥ፣ ከላይ የሚቀረው ፈሳሽ ብርዝ የመሰለ ፈዛዛ ቢጫ መሆን አለበት። ቀይ ሥር የተቀቀለበት ውኃ መስሎ ከመጣ ሕዋሱ ተሰብሯል። ያኔ ፖታሲየም የሚባለው ማዕድን፣ ኤልዲኤች የሚባለው ኢንዛይም፣ ከጉበት ምርመራዎች ደግሞ ኤኤስቲ ከእውነቱ በላይ ይወጣሉ። እንደገና ስጪ ያለሽን ባለሙያ አትቆጪው፤ ሥራውን ያውቃል። እኔን የሚያስፈራኝ ያንን ቀይ ውኃ እያየ ቁጥር ጽፎ የሚሰጠው ነው።

አድማጭ ከቧንቧ ውኃ፦ «ከምርመራ በፊት ቡና መጠጣት ቀይ ሕዋስን ይሰብራል?»

አይሰብርም። ጾመህ ና ከተባልህ ግን ቡናውን ከምርመራው በኋላ እስከ በረካው ጠጣ።

አድማጭ ከኮምቦልቻ፦ «እናቴ 67 ዓመቷ ነው፤ ለደም ግፊት ኢናላፕሪል ትወስዳለች። ጎረቤታችን ነርስ ማታ ደም ቀዳላት። ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድረነው ጠዋት በኪሴ ይዤ ደሴ ወጣሁ። ፖታሲየሟ 6.9 ሆነ። ወረቀቱን መድኃኒት ቤት ባሳይ ‹የግፊቱ መድኃኒት ነው፣ አስቁማት› አሉኝ። ካቆመች አምስት ቀኗ ነው። ልክ ነኝ?»

ልጄ፣ እናትህን እንደምትወድ ከድምፅህ ያስታውቃል። ግን በጥሞና ስማኝ፤ ይህን ጥያቄ ሰውና ሰፈር እየቀያየረ የማልሰማበት ሳምንት የለም።

በደሙ ፈሳሽ ውስጥ ጤናማው የፖታሲየም መጠን ከ3.5 እስከ 5 ገደማ ነው። በቀይ ሕዋሱ ውስጥ ያለው ግን ከዚህ ከ20 እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ጥቂት ሕዋስ ቢፈነዳ ቁጥሩ ይዘልላል። አንተ ደግሞ ፈሳሹ ሳይለይ ሌሊቱን ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳደርኸው። ሕዋሱ ፖታሲየሙን ወደ ውስጥ እየመለሰ የሚይዝበት ፓምፕ አለው፤ ቅዝቃዜ ፓምፑን ያደክመዋል፤ ፖታሲየሙም ሕዋሱ ሳይፈነዳ ቀስ እያለ ይወጣል። ተንኮለኛው ይኼኛው ነው። ፈሳሹ ስለማይቀላ ዓይንም ማሽንም አይነቃበትም። ይህ አልበቃ ብሎ ከኮምቦልቻ ደሴ በሚያወጣው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ በኪስህ ስትንጠው ወጣህ። ደም አይናጥም! ቅቤ አይወጣውም። አንድ አባት ደግሞ ብልቃጡ እንዳይበርደው ብለው በጋቢ ጠቅልለው ከብብታቸው ሥር አውጥተው ሰጥተውኛል፤ እርሳቸውን መቆጣት አቃተኝ፣ አንተን ግን እቆጣሃለሁ።

አሁን ደግሞ «እንግዲያው ውጤቱ ውሸት ነው» ብለህ ስልኩን እንዳትዘጋብኝ። ኢናላፕሪል በእርግጥ ፖታሲየምን ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ኩላሊት ከደከመ ደግሞ ይብሳል። እውነተኛ 6.9 ልብ ሊያቆም ይችላል። የናሙናው ጥፋት ይሁን የእናትህ ሕመም እኔ በስልክ አላውቅም፤ መድኃኒት ቤት ያለውም ሰው ወረቀት በማየት ብቻ ሊያውቅ አይችልም። በሌላ በኩል አምስት ቀን መድኃኒት የተቋረጠበት ግፊት ሽቅብ ወጥቶ ጭንቅላት ውስጥ ደም ሊያፈስስ ይችላል። ስለዚህ ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰድ፤ ብልቃጥ ሳይሆን እናትህን ራሷን። ደሙ እዚያው ይቀዳ፣ ቶሎ ይሠራ፤ የልብ ምርመራ፣ ኢሲጂ የሚባለው፣ ይነሣላት፤ ግፊቷ ይለካ። መድኃኒቱን ማስቀጠልም ማስቆምም የሐኪሙ ሥራ ነው፤ ያንተም፣ የጎረቤትም፣ የእኔም አይደለም።

አድማጭ ከሸዋበር፦ «ነርስ ነኝ። የምቀዳው ደም ቶሎ ቶሎ ይመለስብኛል። ምን አጠፋሁ?»

ሳትቸኩዪ አትቀሪም። አልኮሉ ሳይደርቅ አትውጊ። ክንድ ያሰርሽበትን ላስቲክ ከአንድ ደቂቃ በላይ አታቆዪ። በቀጭን መርፌ ሲሪንጁን በኃይል መሳብ፣ ከዚያም ደሙን በዚያው መርፌ ገፍቶ ቲዩብ ውስጥ መርጨት ሕዋሱን ሁለት ጊዜ መጨፍለቅ ነው፤ ቲዩቡ ራሱ ስቦ ይሙላ። ታካሚውን «ጨብጥ፣ ዘርጋ» እያልሽ አታድክሚው፤ ይህም ብቻውን ፖታሲየም ይጨምራል። ባለ ሐምራዊ ክዳኑ ቲዩብ ውስጥ ያለው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ንጥረ ነገር ራሱ ፖታሲየም አለበትና ከእርሱ ወደ ሌላው በፍጹም አትገልብጪ። ቲዩቡን ቀስ አድርጎ ማገላበጥ እንጂ መነቅነቅ የለም። ደም አይናጥም ብያለሁ።

አድማጭ ከሆጤ፦ «ማሽኑ ራሱ ብልሽቱን አያውቅም?»

የኬሚስትሪ ማሽኖች ብዙዎቹ በፈሳሹ ብርሃን አሳልፈው ከሕዋሱ የፈሰሰውን ሄሞግሎቢን፣ ደሙን የሚያቀላውን ንጥረ ነገር ማለት ነው፣ ይለካሉ፤ ከዓይን ይሻላሉ፣ በተለይ የጉበት ሕመምተኛ ፈሳሽ በጣም ቢጫ ሆኖ ቅላቱን ሲደብቀው። የሙሉ ደም ቆጠራ ናሙና ግን አይሽከረከርም፤ ስለዚህ ቅላቱ አይታይም። እዚያ ላይ ኤምሲኤችሲ የሚባለው፣ በቀይ ሕዋሱ ውስጥ ያለውን የሄሞግሎቢን ክምችት የሚያሳየው ቁጥር ከ36 ሲያልፍ እንጠራጠራለን።

አድማጭ ከኮምቦልቻ፦ «የወባ መድኃኒት በጀመርሁ በሦስተኛው ቀን ሽንቴ ኮካ ኮላ መሰለ፤ ዓይኔም ቢጫ ሆነ። ይኼም የናሙና ጉዳይ ነው?»

አይደለም ወንድሜ። ሕዋሱ እየተሰበረ ያለው ብልቃጥ ውስጥ ሳይሆን ሰውነትህ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ፕሪማኪን የሚባለው መድኃኒት ጂ6ፒዲ የተባለ ኢንዛይም በሚያንሳቸው ሰዎች ላይ ይህን ያደርጋል፤ ወባው ራሱም ያደርጋል። መድኃኒት በራሳችሁ አታቁሙ ስል ነበር፤ አንተ ግን ሐኪም ሳያይህ ቀጣዩን ክኒን አትዋጥ። የመድኃኒቱን ካርቶን ይዘህ አሁን ሆስፒታል ሂድ። ነገ አላልሁም።

አድማጭ ከአራዳ፦ «ናሙናው ተበላሽቶ እንደገና ስንሰጥ ለምን ሁለት ጊዜ እንከፍላለን?»

ሒሳብ ክፍሉ እኔ ጋ አይደለም። እኔን ከጠየቅኸኝ ግን ባለሙያ ያበላሸውን ታካሚ መክፈል የለበትም። ይህን ስል አለቃዬ ሬዲዮ እንዳልከፈቱ ተስፋ አደርጋለሁ።