ድር የምትሠራው እና ራሱ ድር የሆነው

[ምስል፦ አራት ኪሎ፣ የክረምት ጠዋት። በአጥር ብረት መካከል የሸረሪት ድር።]

ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ሸረሪቷ ድሯን ዘርግታ ትጠብቃለች። ከአጥሩ ሥር የወደቀውን የበሰበሰ ግንድ ገልበጥ ስናደርገው ደግሞ ቢጫ፣ ዝልግልግ ነገር ተለጥፏል። እሱም መረብ ይመስላል።

[ምስል፦ ሸረሪቷ በቅርበት።]

ሸረሪቷን ታውቋታላችሁ። ስምንት እግር፣ ልብ፣ አንጎል አላት። ሴሎቿ ሥራ ተከፋፍለዋል፤ የዓይኗ ሴል ድር አይሠራም። ድሩ ከሆዷ ጫፍ የሚወጣ ፕሮቲን ነው። ቢበጠስ እሷን አያማትም፤ ሌላ ትፈትላለች።

[ምስል፦ ቢጫው መረብ፣ በተፋጠነ ቀረጻ።]

ይሄ ግን ስላይም ሞልድ ነው። ድሮ ከፈንገስ ይመደብ ነበር፤ ዛሬ ከአሜባ ጋር ነው የሚቆጠረው። አሁን ጉድ ስሙ፦ የምታዩት ሁሉ አንድ ሴል ነው! ከመዳፍ ሊሰፋ ይችላል፤ በውስጡ እጅግ ብዙ ኒውክሊየሶች፣ ማለትም ዘረ መል የያዙ የሴል እምብርቶች፣ አሉ። መረቡም ሌላ ነገር ሳይሆን ገላው ነው። ለሁለት ብትቆርጡት ሁለቱም ይኖራሉ። መልሳችሁ ብታገናኟቸው ይዋሃዳሉ። ሸረሪት ላይ ይህን አትሞክሩ።

ውስጡ ያለው ፈሳሽ ወደፊት ይፈስሳል፣ ከዚያ ወደኋላ ይመለሳል። እንዲህ እያለ በሰዓት ጥቂት ሴንቲሜትር ይሄዳል። የሜክሲኮ ታክሲ ሰልፍ እንኳ ይቀድመዋል።

አንጎል የለውም፤ መንገድ ግን ይመርጣል። እንዴት? ብዙ ፈሳሽ የሚያልፍበት ቱቦ ይወፍራል፣ ሥራ የፈታው ይከሳል። በቃ። እ.ኤ.አ. በ2000 የጃፓን ተመራማሪዎች መንገዱ የተወሳሰበና የሚያደናግር ሳጥን (ማዝ) ውስጥ አስገቡት፤ በሁለት ምግቦች መካከል ያለውን አጭሩን መንገድ አገኘ። በ2010 ደግሞ በቶኪዮ ዙሪያ ባሉ ከተሞች ቦታ አጃ አስቀመጡለት። የሠራው መረብ ከአካባቢው የባቡር መስመር ጋር የሚወዳደር ሆነ።

[ምስል፦ ቀላል ባቡር፣ መስቀል አደባባይ።]

የእኛ ባቡር ሁለት መስመሮች ከዚህ እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። ስላይም ሞልድም ገላውን ለመቆጠብ መንገዶቹን ያጋራል። የአዲስ አበባን ካርታ ቢሰጡት ደስ ባለኝ!

[ምስል፦ ሁለቱ ሲመገቡ።]

አበላላቸውም ለየቅል ነው። ሸረሪቷ ያደነችውን ነፍሳት ላይ የምግብ መፍጫ ፈሳሽ ታፈስሳለች፣ ከሟሟ በኋላ ትመጠዋለች። ስላይም ሞልድ ግን ባክቴሪያውን ውጦ ውስጡ ነው የሚፈጨው።

ክረምቱ ሲያልፍና ግንዱ ሲደርቅ ቢጫው ይጠነክራል፤ የሞተ ይመስላል። እርጥበት ሲያገኝ እንደገና መፍሰስ ይጀምራል።