መርፌው የሰጠኝ አንድ ሰዓት

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ብዙዎቻችሁ «ምነው ጠፋሽ?» ብላችሁ ጽፋችሁልኛል። ጥር መግቢያ ላይ የግራ ጉልበቴን ኦፕሬሽን ተደርጌ ነው። ዛሬ ስለሱ ላውራችሁ።

ነገሩ የጀመረው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። መረብ ኳስ እየተጫወትን ነበር። ዘልዬ መታሁና ስወርድ በግራ እግሬ ብቻ አረፍኩ። ማንም አልነካኝም። ጉልበቴ ወደ ውስጥ እጥፍ ሲል «ቋ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ማታ ላይ አብጦ የጉልበቴ ሎሚ የት እንዳለ አይታይም ነበር።

እናቴ ወጌሻ ጋ ወሰደችኝ። የሰፈራችን ወጌሻ የወንድሜን ትከሻ መልሰው ያስገቡ፣ እጃቸው የተመሰገነ አባት ናቸው። ጉልበቴን ቀስ ብለው ዳበሱት። ከዚያ «ልጄ፣ ይሄ የኔ ሥራ አይደለም፣ ሐኪም ጋ ሂጂ» አሉኝ። ሳያሹኝ ስለላኩኝ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

ኤምአርአይ ተነሳሁ። የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ተበጥሷል ተባለ። ኳስ የምትከታተሉ ኤሲኤል ሲባል ሰምታችኋል፣ እሱ ነው። የታችኛው የእግር አጥንት ወደ ፊት እንዳይንሸራተት የሚይዘው ጅማት ነው። የተበጠሰበት ሰው ሁሉ ኦፕሬሽን አያስፈልገውም። እኔን ግን ደረጃ ስወርድ እንኳን ጉልበቴ ይከዳኝ ነበር። ስለዚህ ከጭኔ ጀርባ ጅማት ተወስዶ፣ አጥንቱ ተበስቶ፣ በተበጠሰው ቦታ ተተካልኝ።

ከኦፕሬሽኑ በኋላ ከሕመሙ ይልቅ ያስደነገጠኝ ጭኔ ነው። ፊዚዮቴራፒስቷ ፎጣ ጠቅልላ ተረከዜ ስር አደረገችና «ጉልበትሽን ወደ ታች ተጫኚ፣ ሎሚው ወደ ላይ ሲሳብ ልየው» አለችኝ። ተጫንኩ። ምንም የለም። ጥርሴን ነክሼ ደገምኩ። ጭኔ ዝም አለኝ። የራሴ ሥጋ ነው፣ አያለሁ፣ እነካዋለሁ፣ ግን አይታዘዘኝም። የሰው እግር የታቀፍኩ ነው የመሰለኝ።

ስንፍና እንዳልሆነ ያስረዳችኝ እሷ ናት። ጉልበት ውስጥ ፈሳሽ ሲቋጥርና ሲያብጥ፣ ነርቮቹ የፊት ጭን ጡንቻን ያፍኑታል። ሰውነት የተጎዳውን ቦታ ለመጠበቅ ብሎ የሚያደርገው ነው። ጡንቻው ሥራ ሲያጣ ደግሞ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይሟሽሻል። ሁለተኛው ነገር መዘርጋት ነው። ሁላችንም የምንጨነቀው ጉልበቴ ይታጠፋል ወይ ብለን ነው። እሷ ግን «መታጠፉ ይደርሳል፣ የሚያስቸኩለው መዘርጋቱ ነው» ትለኝ ነበር። ቶሎ ሙሉ በሙሉ ያልተዘረጋ ጉልበት እንደ ጎበጠ ሊቀር ይችላል፣ ሰውየውም ያነክሳል።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ተሰናከልኩ። ልትዘረጋው ጫን ስትል ሕመሙ ትንፋሼን ይይዘዋል፣ እግሬም ወዲያው ይቆለፋል። ያኔ ነው አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ስለ አኩፓንቸር፣ ስለ ቻይናዎቹ የመርፌ ሕክምና፣ የነገረችኝ። የቻይና የሕክምና ቡድኖች አገራችን መምጣት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፣ ስለዚህ መርፌው ለኛ ሰው ያን ያህል እንግዳ አይደለም። የሠራኝን ሐኪም ጠየቅኩት። ስፌቱ ከዳነ፣ መርፌው ወደ መገጣጠሚያው ውስጥ ካልገባ ይቻላል አለኝ።

የአኩፓንቸር ሐኪሟ ቻይናዊት ናት፣ በአስተርጓሚ ነው የምንግባባው። መርፌዎቹን ከታሸገ ወረቀት ዓይኔ እያየ አወጣቻቸው። ቀጭን ናቸው፣ እንደ ወፈር ያለ ፀጉር። ከሎሚው ግራና ቀኝ ያሉትን ስርጉድ ቦታዎች በጣቷ አሳየችኝ። አንደኛው ዱቢ ይባላል፣ የጥጃ አፍንጫ ማለት ነው። ጉልበታችሁን አጥፋችሁ እዩት፣ እውነትም የጥጃ አፍንጫ ይመስላል። መገጣጠሚያው እዚያው ስለሆነ ግን እሱን አልወጋችውም። የወጋችው ከሎሚው አራት ጣት ያህል ወረድ ብሎ፣ በውጪ በኩል፣ ዙሳንሊ የሚሉትን ነው። እንደ ክትባት አያምም። ከባድ ነገር ቀስ ብሎ ውስጥ የሚቀመጥ ዓይነት ስሜት አለው። ከዚያ ጭኔ ላይ ሁለት ተክላ በቀጭን ሽቦ ትንሽ ኤሌክትሪክ ለቀቀችባቸው። ጭኔ ዘለለ። ትርክክ፣ ትርክክ እያለ ሎሚዬን ወደ ላይ ሳበው። ከኦፕሬሽኑ ወዲህ ሲንቀሳቀስ ያየሁት ያኔ ነው። አለቀስኩ። አስተርጓሚው ያመመኝ መስሎት ደነገጠ።

ጡንቻን በኤሌክትሪክ መቀስቀስ ፊዚዮቴራፒስቶችም ቆዳ ላይ በሚለጠፍ ነገር ይሠሩታል፣ የመርፌ ምሥጢር አይደለም። እኔን የጠቀመኝ ሌላ ነው። ከመርፌው በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ሕመሙ ይበርድልኛል። ፊዚዮቴራፒስቷ ይህን ስትሰማ ቀጠሮዬን ልክ ከመርፌው በኋላ አደረገችው። በዚያች ሰዓት ፎጣውን እንጫነዋለን፣ ተረከዜን እናንሸራትታለን፣ ቀጥ ያለ እግር እናነሳለን። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጉልበቴ ተዘረጋ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልንገራችሁ፣ የሚያጓጓ ማስታወቂያ ስለበዛ። የተበጠሰ ጅማት በመርፌ አይበቅልም። እውነተኛውን መርፌ ከማስመሰያው ጋር ባነጻጸሩ ብዙ ጥናቶችም ልዩነቱ ትንሽ ነው። ገንዘባችሁ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ፊዚዮቴራፒ ላይ አውሉት። ጡንቻ የሚገነባው እዚያ ነው። እኔ ሁለቱንም ማግኘቴ ዕድል ነው።

በጣም የከበደኝ ደግሞ ሕመሙ የጠፋበት ጊዜ ነው። ሦስተኛው ወር ላይ ዳንኩ ብዬ ነበር። ለካ የተተካው ጅማት የራሱ የደም ስር እስኪያበቅል ድረስ መጀመሪያ ይደክማል፣ በተለይ ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት። ሰሙነ ሕማማት የመጣው በዚህ መሃል ነው። ስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሁሉም ሲሰግድ እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ምንም አያመኝም፣ ግን ተከልክያለሁ። አጠገቤ የነበሩ እናት መቋሚያቸውን አቀበሉኝና «ቁሚ ልጄ፣ እሱ ያውቃል» አሉኝ። ጉልበት የምንለው ይህንን አካልም አቅማችንንም ነው። ሁለቱ ተለያይተውብኝ አያውቁም ነበር፣ ያን ቀን ግን ተለያዩ።

አሁን ስምንት ወር ሆኖኛል። ጓደኞቼ ሜዳ ይጠሩኛል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ፣ በኖርዌይ ኦስሎና በአሜሪካ ዴላዌር እንደኔ ጅማታቸው በተተካላቸው ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት አለ። ከኦፕሬሽኑ በኋላ እስከ 9ኛው ወር ድረስ፣ ወደ ጨዋታ መመለስ በአንድ ወር በዘገየ ቁጥር እንደገና የመጎዳቱ መጠን በ51 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። የጭን ጡንቻው ጥንካሬም ከጤነኛው እግር ቢያንስ 90 በመቶ እንዲሆን ይመከራል። የኔ ባለፈው ሳምንት ሲለካ 84 ነው። ጥቅምት ላይ እንደገና እለካለሁ።

ለዛሬ ይኸው ነው። በግራ እግሬ ብቻ ደረጃ መውጣት 3 ዙር በ12 ይቀረኛል፣ እናቴም በር ላይ ቆማ እየቆጠረችልኝ ነው። ቸር ሰንብቱ።