የውርጭ ሌሊት ሥራው ቀን ነው

(በደቡብ ወሎ፣ ለጋምቦ፣ በበልግ ዋዜማ ለጓሮ አትክልት አምራቾች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፤

አሰላሙ አለይኩም። ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ዋላችሁ? ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ቀዬው ደህና ነው ወይ?

ቡናው ተፈልቷል፣ ጭሱም ይሸተኛል። በረካው ሳይቀዳ ለመጨረስ ቃል ገብቻለሁ፤ ባልጨርስ እናቶች እንደምታስቆሙኝ አውቃለሁ።

አባቶቻችን አገሩን በሙቀቱ ሲከፍሉት ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብለው ስም አወጡለት። ከደጋው በላይ ያለውን ከፍታ ግን ምን አሉት? ውርጭ አሉት። ሌላው ሰው አገሩ በወንዙ ወይም በዛፉ ሲጠራ የእኛ ከፍታ በጠላቱ ስም ተጠራ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በመኪና የወጣችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ግድም ነች፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ግድም። 1,000 ሜትር ሽቅብ በወጣን ቁጥር አየሩ ባማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ በሸሚዝ የተሳፈረ ሰው ደሴ ሲደርስ ጃኬት ይፈልጋል፣ ወደ እኛ ሲዘልቅማ ጋቢ መበደሩ ነው። ሰውስ ጋቢ ይበደራል። ችግኝ ከማን ይበደር?

አሁን በልግ መግቢያ ላይ ነን። የጎመኑም የሽንኩርቱም ችግኝ መደብ ላይ ነው፣ ድንቹን ለመትከል ዘር ያዘጋጃችሁም አላችሁ። ዝናቡ ጀምሮ ለሳምንት ሲያቋርጥ፣ ሰማዩ ጥርት ሲል፣ በዚያ መሃል የሚመጣው ውርጭ ነው ጉድ የሚሠራን። የኅዳሩን ውርጭ ሁሉም ይጠብቀዋል። የየካቲቱንና የመጋቢቱን ግን አንጠብቀውም፤ ተክሉም ገና ለጋ ነው።

በንግግራችን «አመዳይ ጣለ» እንላለን፤ ከላይ እንደ ዝናብ የሚወርድ ነገር ያለ ይመስላል። በጥርት ያለ ሌሊት የሚሆነው ግን ከምድር ወደ ላይ የሚወጣ ነገር ነው። ፀሐይ ቀኑን ሙሉ አፈሩን ስታሞቀው ትውላለች፤ ሌሊት አፈሩ ያንን ሙቀት ወደ ሰማይ ይመልሳል። ደመና ካለ ደመናው ባና ነው፤ ሙቀቱን ይዞ መልሶ ወደ ምድር ይልከዋል። ሰማዩ ጠርቶ ከዋክብቱ ሲንቦገቦጉ፣ ነፋሱም ጋብ ሲል፣ ምድር ያለ ባና አደረች ማለት ነው። ቅጠሉም ሙቀቱን እየለቀቀ በዙሪያው ካለው አየር በላይ ይቀዘቅዛል። ከዜሮ በታች ሲወርድ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ውሃ ወደ በረዶ ይለወጣል፤ በረዶውም ከሕዋሳቱ ውሃ እየሳበ ያደርቃቸዋል፣ ይሰብራቸዋል። ጠዋት ፀሐይ ሲያገኘው ቅጠሉ የተቀቀለ መስሎ ይጠቁራል። «ውርጭ አቃጠለው» የምንለው ለዚህ ነው፤ ብርድ ሆኖ ሳለ አቃጠለ ማለታችን ያስቀኛል፤ ግን ያየ ሰው ሌላ ቃል አያገኝለትም።

እንግዲህ ነገሩ ሙቀትን የማቆየት ነገር ከሆነ፣ ሙቀቱ የሚገባው ቀን ነው። እኩለ ሌሊት ላይ ፋኖስ ይዞ ጓሮ መሮጥ ዘግይቷል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ፤ እናቶች ይህን ለወጥ ብቻ አይደለም ያስተማሩን።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ወጣት የልማት ሠራተኛ በነበርኩበት ዘመን አንድ መንደር ውስጥ ድንች ለተከሉ ሰዎች ሁሉ «ገለባ አልብሱት፣ እርጥበት ይይዛል» ብዬ አስተማርኩ። የገለባው ነገር በቆላና በደረቅ አገር ትልቅ ጥበብ ነው። እኔ ያነበብኩትን ሳልመረምር እላይ ደጋ ድረስ ይዤው ወጣሁ። ታዛዦቹ በየቦዩ መካከል ገለባውን ነሰነሱ። አንዲት እናት ብቻ «ልጄ፣ ገለባው ለበሬዬ ነው» ብለው መለሱኝ፤ እኔም በልቤ «ሰው አይለወጥ» አልኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ሌሊት ውርጭ መታ። የታዛዦቹ ድንች ጠቆረ። የእኒያ እናት ድንች ጫፍ ጫፉን ብቻ ነክቶት አረንጓዴ ሆኖ አደረ። በማግስቱ ሳገኛቸው ምንም አላሉኝም፤ ዝም ብለው ቡና ቀዱልኝ። ከዚያ ወዲህ ያን ያህል የመረረ ቡና አልጠጣሁም።

ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። ገለባው ቀን ፀሐይዋን ከአፈሩ ከለከላት፤ ሌሊት ደግሞ አፈሩ ውስጥ የነበረችውን ጥቂት ሙቀት ወደ ቅጠሉ እንዳትወጣ አፈናት። ከታች ያለ ገለባ እና ከላይ ያለ ገለባ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ውርጭ በሚፈራበት ሰሞን አፈሩ የተራቆተ፣ የረጠበና ጠበቅ ያለ ይሁን። እርጥብ አፈር ቀን ሙቀት ብዙ ያጠራቅማል፣ ሌሊትም እስከ ታች ካለው እየሳበ ይሰጣል። የደረቀና የላላ አፈር በውስጡ አየር ስላለ ሙቀት አያስተላልፍም። ስለዚህ ውሃ ያላችሁ፣ ውርጭ በጠረጠራችሁበት ቀን ረፋድ ላይ አጠጡ፤ ኩትኳቶ ያሰባችሁም ለሌላ ቀን አቆዩት። ድንቹ ገና አጭር ከሆነ ግን ሌላ ዘዴ አለ፤ አፈር አስታቅፉት፣ ቡቃያው እስኪሸፈን ድረስ። ከውርጩ በኋላ ራሱ ገፍቶ ይወጣል። ድንች አፈር ውስጥ መቀበርን አይፈራም፣ ልማዱ ነው።

አሁን ወደ መሸፈኛው እንምጣ። ጆንያ፣ አሮጌ ጋቢ፣ እንቅብ፣ ቅርጫት፣ የተሰበረ እንስራ፣ ለአንዳንዱ ችግኝ ደርቆ የቀረ ቅል እንኳ ይበቃዋል። መግዛት አያስፈልግም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለት ነገር ላይ ነው። አንደኛው ሰዓቱ ነው፤ ከመሸ በኋላ የሸፈነ ሰው ብርዱን ነው የሸፈነው። ፀሐይዋ ሳትጠልቅ፣ አፈሩ ገና ሞቃት ሳለ ይሸፈን። ሌላው ዳሩ ነው። ሽፋኑ መሬት ድረስ ይውረድ፣ ዳሩም በድንጋይ ይያዝ። የምንይዘው ከአፈሩ የሚወጣውን ሙቀት ነው፤ ከላይ ብቻ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ጨርቅ ሙቀቱን በጎን ያሳልፈዋል። እግሩ ወጥቶ የተኛ ሰው እንዴት እንደሚያድር ታውቃላችሁ።

ላስቲክና የማዳበሪያ ጆንያ ቅጠሉን ከነካ የነካበትን ቦታ ውርጭ ያገኘዋል። ልምጭ በቀስት መልክ ጎንበስ አድርጋችሁ ትከሉና ከላይ አልብሱት። ጠዋት ፀሐይዋ ሞቅ ካለች በኋላ መግለጥ አትርሱ። ተሸፍኖ የዋለ ችግኝ ይታፈናል፣ አፈሩም የማታውን ስንቅ አያገኝም።

ጀሪካንስ? 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልታችሁ ቀን ፀሐይ ላይ አስቀምጡና ማታ ችግኙ መካከል ሽፋኑ ሥር አድርጉት። ውሃ ሙቀት ቶሎ አይለቅም፤ ሌሊቱን ቀስ እያለ ይሰጣል። ውሃ ሲቀዘቅዝ ብቻ ሳይሆን ሲረጋም ሙቀት ያወጣል፤ 1 ሊትር ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ የሚለቀው ሙቀት ያንኑ ያህል ውሃ ከ0 እስከ 80 ዲግሪ ለማሞቅ ይበቃ ነበር። በሌላ አገር ትልልቅ የፍራፍሬ እርሻዎች በዚህ ምክንያት ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ይረጫሉ። እኛ ግን በባልዲ አንሞክረው። መርጨት የጀመረ በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ ካላቋረጠ ነው የሚጠቅመው፤ መሃል ላይ ካቆመ ከመጀመሪያው ይብሳል።

የዚህ የውሃ ጥበብ ትልቁ ምስክር ያለው የእኛን በሚመስል አገር ነው። በደቡብ አሜሪካ፣ በቲቲካካ ሐይቅ ዙሪያ፣ 3,800 ሜትር ከፍታ ላይ የጥንት ገበሬዎች ከፍ ያለ መደብ እየሠሩ በዙሪያው ውሃ የሚተኛበት ቦይ ይቆፍሩ ነበር። ቦዩ ቀን ሙቀት ጠጥቶ ሌሊት ለድንቹ ይሰጣል። ድንች የእነሱ ልጅ ነው፤ ወደ እኛ አገር የገባው በ1858 እ.ኤ.አ. ሺምፐር በሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ እጅ እንደሆነ ይነገራል። ልጁ መጣ፣ የአስተዳደጉ ምክር ግን አብሮ አልመጣም።

ስለ ጭስ ጠይቃችሁኛል። አያ፣ አውቃለሁ፤ አባቶቻችን ኩበት ያጨሱ ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝና ጭሱ ራሱ እንደ ደመና አይሆንም። የጭስ ብናኝ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ከምድር የሚወጣውን ሙቀት አሳልፎ ይሰደዋል፤ ዓይናችንን ያቃጥላል እንጂ ጎመኑን አይከልለውም። የሚጠቅም ነገር ካለ እሳቱ ነው፤ እሱም ቢሆን ትንንሽና ብዙ ሲሆን። አንድ ትልቅ እሳት ሙቀቱን ይዞ ሽቅብ ይነጉዳል፣ በምትኩ ቀዝቃዛ አየር ከጎን ይስባል። በ2013 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ ላይ ፈረንሳይ ውስጥ የወይን ገበሬዎች በየተከላው መካከል በሺህ የሚቆጠር ሻማ አብርተው ሲያድሩ በቴሌቪዥን ያየ አለ? ነገሩ ይኸው ነው፤ ብዙ ትንንሽ እሳት። ያም ሆኖ ብዙ ወይን አጥተዋል። እኛ ኩበቱን ለአፈሩ ብናውለው ይሻላል። ኅዳር 12 ቆሻሻ የምናጥነው በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጊዜ በመጣ ልማድ ነው፤ ከውርጭ ጋር ወሩ ስለገጠመ ብቻ ሁለቱን የሚያዛምድ ሰው አጋጥሞኛል።

ጀርመኖች ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ከግንቦት 3 እስከ 7 የሚውሉትን በዓላት «የበረዶ ቅዱሳን» ይሏቸዋል፤ እነሱ ሳያልፉ ቲማቲም ወደ ደጅ የሚያወጣ ገበሬ የለም ይባላል። የእኛም ሽማግሌዎች እንዲህ ያለ ቀን ያውቃሉ፤ ጠይቋቸው፣ ጻፉት።

ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፤ ሌሊት እንደ ጎርፍ ቁልቁል ይፈስሳል፣ ረባዳ ካገኘ ይተኛል። ጎህ ሲቀድ በባዶ እግራችሁ ከዳገቱ ወደ ሸለቆው ውረዱና ቁርጭምጭሚታችሁ ይነግራችኋል። ከጓሮው በታች በኩል ያለ የድንጋይ ካብ ወይም ጥቅጥቅ ያለ ባሕር ዛፍ ያንን አየር እንደ ግድብ ያቆመዋል። ከታች በኩል መውጫ ክፈቱለት። ካቡን ከላይ በኩል አድርጉት፤ የሚመጣውንም ያዞረዋል፣ ፀሐይ የጠጣ ድንጋይም ሌሊት አጠገቡ ላለው ችግኝ ሙቀት ይሰጣል። ድንች፣ ቦሎቄ፣ ዱባ፣ ቃሪያ ከዜሮ ብዙም ሳይወርድ ይሞታሉና ከፍ ያለውን ቦታ ስጧቸው። ረባዳውን ለነጭ ሽንኩርት፣ ለጎመን፣ ለካሮትና ለቀይ ሥር ተዉት፤ እነሱ ይችሉታል። ጎመንማ ብርድ ሲያገኘው ስኳር ያጠራቅማል፤ ከውርጭ በኋላ የተቀነጠበ ጎመን የሚጣፍጠው ለዚህ ነው።

የአየር ትንበያውን በስልክ የምታዩ ልጆች፣ «ዛሬ ሌሊት 3 ዲግሪ ነው፣ ዜሮ አልደረሰም» ብላችሁ እናቶቻችሁን አታዘናጉ። ያ ልኬት የሚወሰደው ከመሬት 1 ሜትር ተኩል እስከ 2 ሜትር ከፍ ብሎ ነው። ጎመኑ ግን መሬት ላይ ነው ያለው። ነፋስ በሌለበት ጥርት ያለ ሌሊት እላይ 3 ዲግሪ ሆኖ ቅጠሉ ላይ ከዜሮ በታች ይሆናል።

ተሸንፈን ካደርንም ወዲያው አንንቀል። የጠቆረው ድንች ከሥሩ መልሶ ሊያቆጠቁጥ ይችላል፤ አንድ ሁለት ሳምንት ታገሡት። የጠቆረውን ቅጠል ቶሎ አትቁረጡት፣ ቀጣዩ ሌሊት ቢከፋ ለሥሩ ልብስ ይሆነዋል።

ገና ስለ በረዶው ማለትም ስለ ድብደባው፣ ስለ አፕሉም የምለው ነበረኝ። ግን በመስኮቱ ሰማዩን እያየሁ ነው። አንድም ደመና የለም፤ ከጠዋት ጀምሮ ሲነፍስ የነበረው ነፋስም ቆሟል። ሰዓቱ 9 ተኩል ሆኗል፣ ፀሐይዋ ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነው የምትቆየው። እኔ እዚህ ላይ ላቁም። በረካውን ቆማችሁ ጠጡትና ጆንያ ያላችሁ ወደየጓሯችሁ ሂዱ፤ የሌላችሁ ከዚህ መጋዘን በር ላይ ባዶ ጆንያ ስላለ እየወሰዳችሁ፣ ጠዋት መልሱልን።