የማንን የይለፍ ቃል ነው የሚጠይቃችሁ?

እንደምን አደራችሁ፣ ወንድሞችና እህቶች። ከደሴ የመጣችሁ፣ ሐረጎን ወርዳችሁ በሰላም ስለገባችሁ እንኳን ደህና መጣችሁ። ጃኬቱን አውልቁት፣ እዚህ ኮምቦልቻ ነው።

የማወራችሁ ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ከአንድ ተጠቃሚ ወደ ሌላ ስለ መቀየር ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል። እኔን ግን አንድ ቀን ሐረጎን ሽቅብ አስወጥቶኛል።

ሰርቨሩ ደሴ ነው፣ እኔ እዚህ ነኝ። የተጫነበት ዴቢያን የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ነው። ከሩቅ በሚያስገባው በኤስኤስኤች ገብቼ፣ ሬድ ሃት ለሚባለው ለሌላ የሊኑክስ ዓይነት የተጻፈ መመሪያ እያየሁ ደህንነቱን ላጠብቅ ተነሳሁ። መመሪያው «ሱ የምትባለውን ትዕዛዝ ዊል የሚባል ቡድን አባላት ብቻ ይጠቀሙባት» ይላል። ሱ ወደ ሌላ ተጠቃሚ የምትቀይረው ትዕዛዝ ናት። ፓም የሚባለውን፣ ማን ይግባ ማን አይግባ የሚወስነውን ክፍል ፎልደር ከፍቼ የሱ ትዕዛዝን ፋይል አገኘሁ። መስመሯ ተዘጋጅታ ተቀምጣለች፤ ኮሜንት ብቻ ነው የተደረገችው፣ ማለትም እንዳትሠራ ተደርጋለች። ኮሜንቱን አነሳሁ፣ ሴቭ አደረግኩ፣ ወጣሁ። ጎበዝ አልኩ ራሴን።

ዴቢያን ላይ ግን ዊል የሚባል ቡድን ከመነሻው የለም። እሱ ሲጠፋ ፓም ቁጥሩ 0 የሆነውን ቡድን፣ ማለትም በማሽኑ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለውን ተጠቃሚ የሩትን ቡድን ያያል። እኔ እዚያም የለሁበት። ተመልሼ ገብቼ ሱ ስል የሩትን የይለፍ ቃል ይጠይቀኛል፣ እጽፋለሁ፣ ፈቃድ የለህም ይለኛል። ደግሜ ጻፍኩ። ሠለስኩ። ቃሉን የረሳሁት መስሎኝ ላብ አጠመቀኝ። የሩትን ሥራ በራስ የይለፍ ቃል የሚያሠራው ሱዱም የለኝ፤ ዴቢያን ሲጫን ለሩት የይለፍ ቃል ከሰጣችሁት፣ የመጀመሪያውን ተጠቃሚ ሱዱ ቡድን ውስጥ አያስገባላችሁም። ሩት ሆኖ በኤስኤስኤች በይለፍ ቃል መግባትም በነባሪ ዝግ ነው።

ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጭጋጉን እያቋረጥኩ ደሴ ገባሁ። ማሽኑ ፊት ተቀምጬ በቀጥታ ሩት ብዬ ብጽፍ፣ ከፈተልኝ! ያቺ መስመር የምትጠብቀው የሱ ትዕዛዝን በር ብቻ ነው፤ በቀጥታ የሚገባበት የሎጊን ፋይል ሌላ ነው። ጥገናው አንድ ደቂቃ አልፈጀም። መንገዱ ነው የፈጀው።

በኋላ መዝገቡን ሳየው ነገሩ ፊት ለፊት ተጽፎ ነበር። የይለፍ ቃሉ ስህተት ቢሆን ኖሮ፣ ፓም ዩኒክስ የሚባለው ቃሉን የሚመረምረው ክፍል «ማረጋገጫው አልተሳካም» የሚል መስመር ይጥል ነበር። እሱ የለም። «የሱ ትዕዛዝ ሙከራ ከሸፈ» የሚለው ብቻ አለ። ቃሉ ልክ ነበር ማለት ነው፤ የከለከለኝ ሌላ ደንብ ነው። ይህን ልዩነት ለማየት ሬድ ሃት ላይ ሴኪዩር የሚለውን የሎግ ፋይል ክፈቱ፣ ኡቡንቱ ላይ ኦዝ የሚለውን። ዴቢያን 12 ላይ ፋይሉን ካጣችሁት አትደንግጡ፣ መዝገቡን ጆርናልሲቲኤል በሚባለው ትዕዛዝ ታዩታላችሁ።

ሁለተኛው የሚያምታታው የርዕሴ ጥያቄ ነው። ሱ የሚጠይቃችሁ ልትሆኑት የፈለጋችሁትን ሰው ቃል ነው። ሱዱ የሚጠይቃችሁ የራሳችሁን ነው። ኦፐንሱሴ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ግን ለብዙ ዓመታት በነባሪ ሱዱንም የሩትን ቃል እንዲጠይቅ አድርጎት ኖሯል፤ የራሱን ቃል እየጻፈ ሲናደድ የዋለ ሰው አውቃለሁ። ኡቡንቱ ላይ ደግሞ የሩት ቃል የተቆለፈ ስለሆነ ሱ ብላችሁ ምንም ብትጽፉ አይከፍትም። እዚያ በሱዱ ነው የሚገባው።

ሱዱ የሚፈቀድለት ቡድንም ስሙ ይለያያል። ሬድ ሃትና ፌዶራ ዊል ይሉታል፣ ኡቡንቱና ዴቢያን ሱዱ። ሰው ቡድኑ ውስጥ ካስገባችሁት በኋላ ወጥቶ ካልገባ ለውጡ አይታየውም። በዚህ ምክንያት የስንቱ ፋይል በከንቱ ተነካክቷል መሰላችሁ!

የሱዱን ደንብ ለዚሁ በተሠራው በቪሱዱ ትዕዛዝ ብቻ ክፈቱ፤ የአጻጻፍ ስህተት ካለ ከመቀመጡ በፊት ይነግራችኋል። የፓም ፋይሎች እንዲህ ያለ ጠባቂ የላቸውም። ስለዚህ ስትነኩ ሩት የሆነ ሁለተኛ ተርሚናል ክፍት ይሁን፤ አዲሱን በሌላ መስኮት ሳትሞክሩ አትዝጉት።

በሉ፣ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ማሽኖች አሉ። ሆን ብዬ አበላሽቻቸዋለሁ። አንዱ የእኔው ስህተት ነው፣ የቱ እንደሆነ አልነግራችሁም። ቡናው ገና እየተቆላ ነው፤ አቦሉ እስኪቀዳ ሞክሯቸው።