ለአሮጌ ኮምፒውተር ሃይ ከለር ካርድ ስንገዛ፦ መጀመሪያ ክዳኑ ይከፈት

ሰላም ጤና ይስጥልኝ አድማጮች። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ብዙ ሰው ጊዜው አልፎበታል ብሎ ስለተወው ዕቃ ነው፤ ለድሮ የቤት ኮምፒውተር የሚሆን ግራፊክስ ካርድ፣ ማለትም ምስሉን ወደ ስክሪኑ የሚያወጣው ክፍል። ፔንቲየም፣ ፔንቲየም 2፣ አንዳንድ ቤት ደግሞ 486 ሳይቀር አለ። በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ሰነድ፣ የድሮ ፎቶ፣ የድሮ ጌም የያዘ ማሽን። ስክሪኑ 16 ቀለም ብቻ ሲያወጣ የሰው ፊት ነጠብጣብ ይሆናል። እሱን የሚያስተካክለው ሃይ ከለር፣ ማለትም ባለ 16 ቢት ቀለም ነው።

አቋሜን ከአሁኑ ልናገር፦ ለእነዚህ ማሽኖች 16 ቢት በቂ ነው። 24 ቢት ፍለጋ ብር መጨመር አያስፈልግም። በ16 ቢት እያንዳንዷ ነጥብ 2 ባይት ትይዛለች፤ ለቀይ 5 ቢት፣ ለአረንጓዴ 6፣ ለሰማያዊ 5። ለአረንጓዴ አንድ የተጨመረው ዓይናችን የአረንጓዴን ልዩነት አጥርቶ ስለሚያይ ነው። በድምሩ 65,536 ቀለም ይሆናል። 800 በ600 ስክሪን በዚህ ስሌት 960,000 ባይት ይፈልጋል፤ 1 ሜጋባይት ያለው ካርድ ይችለዋል። 1024 በ768 ግን 1,572,864 ባይት ስለሚሆን 2 ሜጋባይት ግድ ነው። ያንኑ 800 በ600 ወደ 24 ቢት ብታወጡት 1,440,000 ባይት ይደርሳል። 1 ሜጋባይቱ አይበቃም፣ ማሽኑም የሚያመላልሰው ዳታ በግማሽ ስለሚጨምር ይንቀራፈፋል። የምታተርፉት በሰማይ ፎቶ ላይ የሚታዩ ስስ መስመሮች መጥፋታቸውን ነው።

እንግዲህ ከቤት ሳትወጡ ክዳኑን ክፈቱና ስሎቱን፣ ማለትም ካርዱ የሚሰካበትን ቦታ፣ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ጥቁርና ረጅም ከሆነ አይሳ ነው። ነጭና አጠር ያለ ፒሲአይ ነው። ብዙውን ጊዜ ቡናማ የሆነው፣ ከማሽኑ የኋላ ጠርዝ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ያለው ደግሞ ኤጂፒ። አይሳ ብቻ ካላችሁ ብዙ አትጠብቁ፤ መስመሩ በወረቀት ላይ እንኳ በሰከንድ 8 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ በተግባር ከዚያ ያንሳል። ፎቶ ለማየት ይሆናል፣ ለጌም አይሆንም። ፒሲአይ በወረቀት 133 ሜጋባይት ስለሆነ ሁለቱም ስሎት ያለው ማሽን ላይ ምርጫው አያከራክርም።

የት ይገኛል? መርካቶ ምናለሽ ተራ አንዱ ነው፤ ቆራሌው ከየሰፈሩ የሰበሰበው ብዙው እዚያ ያርፋል። ፒያሳና ሜክሲኮ አካባቢ ያሉ የኮምፒውተር ጥገና ቤቶችን ደግሞ ከመደርደሪያው ይልቅ ከጓዳ ስላለው የድሮ ካርድ ካርቶን ጠይቋቸው። መሥሪያ ቤቶች ያገለገለ ንብረት በጨረታ ሲያስወግዱ ማስታወቂያው አዲስ ዘመን ላይ ይወጣል፤ ግን በጅምላ ስለሚሸጥ አንድ ካርድ ለሚፈልግ ሰው አያዋጣም፣ ከጓደኛ ጋር መካፈል ካልተቻለ በስተቀር።

ለፒሲአይ ማሽን እኔ የምመርጠው ኤስ ስሪ ትሪዮ 64ን ነው። ዊንዶውስ 95 እና 98 ድራይቨሩን፣ ማለትም ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ከራሳቸው ይዘው ይመጣሉ፤ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ብዙዎቹ 1 ሜጋባይት ተበይዶባቸው፣ አጠገቡ ሁለት ባዶ ሶኬቶች አሏቸው። ባለ 40 እግር፣ እያንዳንዳቸው 512 ኪሎባይት የሆኑ ሁለት ቺፖች ከሌላ ከተበላሸ ካርድ ነቅላችሁ ብትጨምሩ 2 ሜጋባይት ይሆናል። ጥቅሙ በመጠን ብቻ አያበቃም፤ ካርዱ ሜሞሪውን በ32 ቢት ፋንታ በ64 ቢት ማንበብ ስለሚጀምር ፍጥነቱም ይጨምራል። ስትከቱ የቺፑ ምልክት ያለበት ጥግ ከሶኬቱ ምልክት ጋር ይግጠም። ቺፑ ላይ መጨረሻ ያለው ቁጥር፣ 60 ወይም 70፣ ፍጥነቱን በናኖሰከንድ ያሳያል፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ይፈጥናል፤ ከተበየዱት የዘገየ አታስገቡ።

አሁን ሰው ወደሚከስርበት እንምጣ። ኤጂፒ ካርድ ሁሉ አንድ አይደለም። ካርዱ ከማሽኑ ጀርባ ጋር በሚታሰርበት የብረት ሳህን በኩል እግሩ ላይ ቁርጥ (ክፍተት) ያለው የ3.3 ቮልት ነው፤ ቁርጡ ከሳህኑ የራቀው የ1.5 ቮልት። እንደ ኢንቴል 845 ያለው የፔንቲየም 4 ቦርድ (ማዘርቦርድ፣ ካርዶቹ የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ) 1.5 ብቻ ነው የሚቀበለው። አንዳንድ ካርድ ደግሞ ሁለቱም ቁርጥ እያለው በ3.3 ብቻ ይሠራል፤ እሱ ቦርዱን ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ ቁርጡን አይታችሁ አትመኑ፣ የቺፑን ስም አንብቡ። ዘግይተው የወጡ ፒሲአይ ካርዶችም ችግር አለባቸው፤ 3.3 ቮልት ከስሎቱ ይጠብቃሉ፣ ኤቲ የሚባለው የድሮ ዓይነት ፓወር ሰፕላይ (ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ግን ያንን አይሰጥም። ካርዱ ደህና ሆኖ ሳለ ስክሪኑ ጨለማ ይሆናል። ቩዱ 1 እና ቩዱ 2 የሚል ካያችሁም ተጠንቀቁ፤ ሥራቸው 3ዲ ብቻ ነው፣ ለብቻቸው ዴስክቶፕ አያሳዩም።

ባለሱቁን "ወንድሜ፣ ቦርድ ላይ ሰክተህ አሳየኝ" ማለት ነውር የለውም። ሲበራ የካርዱ ስምና የሜሞሪው መጠን ለጥቂት ሰከንድ ይታያል። ጠፍጣፋ ሞኒተር ለመንቃት ስለሚዘገይ ያመልጣችኋል፤ ፖዝ የሚለውን ቁልፍ ቶሎ ተጫኑት። ቀጥ ያሉ ቀለማም መስመሮች ወይም የተበተኑ ነጥቦች ካያችሁ ሜሞሪው ተጎድቷል፣ ተዉት። አናቱ ያበጠ ካፓሲተር (ትንሽ ጣሳ የሚመስለው ክፍል) ያለበትንም እንዲሁ፣ ብየዳ የሚችል ሰው ከሌላችሁ። ጨርሶ ምስል ከሌለ ማሽኑ ሲበራ ባዮስ፣ ማለትም መጀመሪያ የሚነሳው የቦርዱ ፕሮግራም፣ የሚያሰማውን የጢጥ ድምፅ ስሙ፤ አዋርድ ባዮስ አንድ ረጅምና ሁለት አጭር፣ ኤኤምአይ ባዮስ ስምንት ጊዜ ቢያሰማ ችግሩ ከካርዱ ነው። ይህ ግን ሁልጊዜ የሞተ ካርድ ማለት አይደለም። የወርቃማውን እግር ኦክሳይድ በነጭ ላጲስ ቀስ ብላችሁ ጥረጉ፣ ፍርፋሪውን በአልኮል አጽዱ፣ ደርቆ ድጋሚ ይሞከር። በእኛ አቧራ ስንቱ ካርድ በዚህ ምክንያት ብቻ ተጥሏል።

ቤት ስትደርሱ አሮጌውን ካርድ ከማውጣታችሁ በፊት ዊንዶውሱን ስታንዳርድ ቪጂኤ ወደሚባለው መሠረታዊ የስክሪን ድራይቨር መልሱት፤ ከዚያ አጥፉና ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ። ድራይቨር ከኢንተርኔት ካወረዳችሁ በሲዲ አድርጉት፣ ዊንዶውስ 98 ፍላሽን ያለ ተጨማሪ ድራይቨር አያነብም። ከተጫነ በኋላ በዲስፕሌይ ሴቲንግስ ውስጥ ሃይ ከለር 16 ቢት የሚለው ካልታየ፣ ስክሪኑን ከ1024 በ768 ወደ 800 በ600 አውርዱና ዝርዝሩን እንደገና ክፈቱት።