ነጭ ተርኪ ጫካ ውስጥ ምን ትሠራለች?

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ርዕሴም ትንሽ ወጣ ያለ ነው፤ ስለ ተርኪ፣ ስለዚያ ዶሮ መሰል ትልቅ ወፍ ላወራ ነው። የታንክስጊቪንግ በዓሉን ማለቴ አይደለም። እሱማ በርበሬና ቅቤ ተቀብቶ ኦቨን ከገባ በኋላ ብዙ የሚወራለት የለም። የማወራው እዚህ ቨርጂኒያ ጫካ ውስጥ ስለሚኖረው የዱር ተርኪ ነው። በተለይ ደግሞ በቀለሙ ከመንጋው ስለሚለየው።

አዳኝ የሆነ የሥራ ባልደረባ አለኝ። ሚያዝያ ሲመጣ ከተርኪ ሌላ ወሬ የለውም። እኔ ብዙውን ጊዜ ያኔ ጾም ላይ ስለሆንኩ ሥጋው ሲነሳ ዝም ብዬ ነው የምሰማው። ዘንድሮ ግን ስልኩን አውጥቶ አንድ ፎቶ አሳየኝ። ከጠቋቁር ተርኪዎች መሀል አንዲት ነጣ ያለች ሴት ቆማለች። ጠጋ ብላችሁ ስታዩዋት የላባዎቿ ጫፍ ጥቁርና ግራጫ መስመር አለበት። የኛ አገር ዶሮ ብትሆን ገብስማ ብለን እናልፋት ነበር።

የአሜሪካ አዳኞች ይህን ቀለም "ስሞክ ፌዝ" ይሉታል፤ ጭስማ እንደማለት ነው። ካልተለመዱት ቀለሞች ሁሉ በብዛት የሚታየው እሱ ነው። "በብዛት" ስል ግን አንዳንዱ አዳኝ ዕድሜውን ሙሉ ጫካ ሲመላለስ አንድም አያይም። ሌላ ቀላ ያለም አለ፤ ቡናማው ገኖ ላባው የመዳብ ቀለም የሚይዝ። ሙሉ በሙሉ የጠቆረም አለ። እሱ እንዲያውም ሳይታወቅ የሚያልፍ ይመስለኛል፤ ተርኪ ድሮም ከሩቅ ሲታይ ጥቁር ነው፣ አዳኙም የሚያየው ገና ጎህ ሲቀድ ነው። ክንፉ ላይ መኖር የነበረበት ነጭ ሽንትር አለመኖሩን ማን ያስተውላል? ከሁሉም ብርቁ አልቢኖው ነው፤ አንድም ጥቁር ነጥብ የሌለው፣ ዓይኑ ሮዝ የሆነ።

ፎቶውን ያየ ሁሉ የሚጠይቀው "ከእርሻ አምልጣ ይሆን?" ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። የቤቱም የዱሩም ተርኪ አንድ ዝርያ ስለሆኑ ይራባሉ። በብዙ ስቴቶች የቤት ተርኪ ጫካ መልቀቅ በሕግ የተከለከለውም ያለ ምክንያት አይደለም። ግን ነጭ ላባ ሁሉ ከእርሻ የመጣ አይደለም። ይህን ቀለም የሚያመጣው ዘረመል ተደብቆ የሚኖር ነው። እናትም አባትም መልካቸው እንደ ማንኛውም ተርኪ ሆኖ ሁለቱም አንዳንድ ቅጂ ሊይዙ ይችላሉ። ሁለቱ ከተገናኙ እያንዳንዱ ጫጩት ሁለቱንም ቅጂ የመውረስ ዕድሉ ከ4 አንድ ነው።

እኔን ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። ሱፐርማርኬት ሄዳችሁ የምትገዙት ተርኪ በሕይወት እያለ ነጭ ነበር። ከሞላ ጎደል ሁሉም። ምክንያቱን ስሰማ ሳቄ መጣ። የጥቁር ተርኪ ላባ ሲነቀል ቆዳው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይቀራል፤ ገዢ ደግሞ ይህን አይወድም። የነጩ አይታይም። ስለዚህ አርቢዎች ነጩን መረጡ፣ ደረቱም ሰፊ እንዲሆን አደረጉት። ዛሬ ያ ወፍ ከክብደቱ የተነሳ በሰው እርዳታ ካልሆነ መራባት እንኳ አይችልም።

ይኸውላችሁ፤ እርሻ ላይ መራጩ ሰው ስለሆነ ነጩ በሚሊዮን ይፈለፈላል። ጫካ ውስጥ መራጩ ጉጉት ነው፣ ቦብካት የሚባለው የዱር ድመት ነው፣ ቀበሮ መሰሉ ካዮቲ ነው። የተርኪ ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ዛፍ ላይ መውጣት ስለማይችል መሬት ላይ ከእናቱ ክንፍ ሥር ነው የሚያድረው። ያኔ ከሞት የሚያተርፈው ከደረቀ ቅጠል ጋር መመሳሰሉ ነው። ነጣ ያለው ጫጩት ይህ የለውም። ፎቶው ላይ ያለችው ያን ሁሉ አልፋ ያደገች ናት።

ጉዞውንም ተመልከቱት። ይህ ወፍ መጀመሪያ ለማዳ የሆነው ሜክሲኮ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን ስፔናውያን ወደ አውሮፓ ወሰዱት፣ ኋላ ደግሞ ሰፋሪዎች ይዘውት ወደ አሜሪካ ተመለሱ። የዱር ዘመዱ እዚሁ ጫካ ውስጥ እያለ ማለት ነው። የዱሩ ደግሞ በአደንና በደን ጭፍጨፋ አልቆ ነበር። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ቁጥሩ ወደ 200,000 ገደማ ወርዶ እንደነበር ይገመታል። መጀመሪያ በእርባታ ያደጉትን ወደ ጫካ ለመልቀቅ ተሞከረ። አልሆነም፤ ያለ እናት ያደገ ተርኪ ከማን መሸሽ እንዳለበት አያውቅም። በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ግን የዱሩን በሚወረወር መረብ ይዞ ሌላ ቦታ መልቀቅ ተጀመረ። እሱ ሠራ። ዛሬ ቁጥራቸው በሚሊዮኖች ነው።

ወደ አዳኞቹ ልመለስ። በጸደዩ አደን አስተዋይ አዳኝ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ አይለብስም። የአውራው ተርኪ ጭንቅላት እነዚህኑ ቀለሞች ያሳያል፤ ያውም እንደ ስሜቱ ይለዋወጣል። ሌላ አዳኝ ከቅጠል መሀል ነጭ ነገር ካየ ቃታ ሊስብ ይችላል። እንግዲህ እንዲህ በሠለጠነ ዓይን ፊት ሙሉ ነጭ ወፍ ስትራመድ አስቡት።

ይተኮሳል ወይስ አይተኮስም? አዳኞች በዚህ ጉዳይ ሲከራከሩ ጨዋታው ደስ ይላል። "እንዲህ ያለ ዕድል አንዴ ነው" የሚል አለ፤ አስሞልቶ ሳሎን ሊያቆማት። "ዘሯ እንዳይጠፋ ተዋት" የሚልም አለ። እውነቱን ለመናገር ሁለተኛው ምክንያት ብዙ አያሳምነኝም። ጭስማ ተርኪ ለብቻው የቆመ ዘር አይደለም። ዘረመሉን የሚያመላልሱት ባብዛኛው ተራ መልክ ያላቸው ወፎች ናቸው፤ እሷ ብትሞትም እነሱ ውስጥ ይኖራል። እኔ ብሆን የምተዋት ለሌላ ምክንያት ነው። የሞተች ወፍ የአንድ ሰው ሳሎን ናት፤ በሕይወት ያለችውን ግን በዚያ የሚያልፍ ሁሉ ያያታል።

በጸደይ ግን ክርክሩን ሕጉ ይጨርሰዋል። ቨርጂኒያ በጸደይ የምትፈቅደው ጢም ያለውን ተርኪ ብቻ ነው፤ ከደረቱ ላይ እንደ ፈረስ ጭራ የሚንጠለጠለውን ማለቴ ነው። አንዳንድ ሴት ጢም ብታወጣም አብዛኛዎቹ የላቸውም። ጭስማ ሆነው የሚታዩት ደግሞ በብዛት ሴቶች ናቸው። ባልደረባዬም ፎቶ አንስቶ ከመመለስ ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

በመከሩ አደን ግን ሴትም ትፈቀዳለች። "ያኔ ካገኘኋትስ?" አለኝ። የኔን ሐሳብ ነገርኩት። "አንተ እኮ አታድንም" ብሎ ዘጋኝ። ልክ ነው፤ አላድንም። ግን አልተስማማሁም፤ ኦክቶበርም እየደረሰ ነው። አድማጮቼ፣ መሀላችሁ የሚያድን ካለ እስቲ ምን እንደምታደርጉ ጻፉልኝ፤ ለሱ አነብለታለሁ።