ቁልፉ የት ያድራል?
በነርሶች ቀን፣ አዲስ አበባ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ በሚገኝ አዳራሽ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣ የሆስፒታል ኃላፊዎች፣ ተማሪዎቻችን፤

እንኳን ለነርሶች ቀን አደረሳችሁ። ከጥቁር አንበሳ፣ ከዘውዲቱ፣ ከምኒልክ ሌሊቱን ሠርታችሁ በቀጥታ የመጣችሁ እንዳላችሁ ዓይናችሁ ይናገራል። ለእናንተ ስል አላረዝምም። የምናገረው ስለ አንዲት መርፌ ነው።

ከዓመታት በፊት የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ አንዲት በቅርቡ የተመረቀች ነርስ ከእጅ መታጠቢያው ፊት ቆማ አገኘኋት። ግራ እጇን ቧንቧው ሥር አድርጋ ጣቷን ትጨምቃለች። «ምን ሆንሽ?» አልኳት። «ምንም ሲስተር፤ ጓንቱ አሳክኮኝ ነው።» ያወለቀችው ጓንት ግን አጠገቧ ነበር፤ ጫፉ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ደም አየሁ።

የመርፌ መጣያው ሳጥን እስከ አፉ ሞልቶ ስለነበር መርፌውን መልሳ ልትከድነው ስትል ነው የወጋት። ሳጥን ሦስት አራተኛው ሲሞላ መቀየር እንዳለበት ሁላችንም እናውቃለን። የሚቀይረው ግን አልነበረም። የደበቀችውም ሞኝ ሆና አይደለም። «ጥንቃቄ ይጎድላታል» ተብሎ በሥራ ምዘናዋ ላይ እንዳይጻፍባት ፈርታ ነው። በሳሙናና በውሃ አጠብናት፤ መጭመቁ አይጠቅምም። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒቱ ከኛ ሁለት ክፍል ብቻ አልፎ ነበር፤ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት። የቁልፉ ባለቤት ቤቱ ተኝቷል። እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ጠበቅን።

ያ መድኃኒት መርፌው ከወጋ 72 ሰዓት ካለፈ በኋላ አይጀመርም፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ግን የተሻለ ይሠራል። ስለዚህ እነዚያ ስድስት ሰዓታት የእርሷ ነበሩ፤ እኛ ነን የወሰድንባት። 28 ቀን ሙሉ ክኒኑን ከቪታሚን ጠርሙስ ውስጥ እያወጣች ዋጠች፤ ለእናቷ እንኳ አልነገረችም። ምርመራዋ ነፃ ሆነ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ያን ጠርሙስ ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

መርፌ ሲወጋን ቀድመን የምንፈራው ኤች አይ ቪን ነው። ቫይረሱ ካለበት ታካሚ በመርፌ ከተወጉ 1,000 ሰዎች የሚያዙት 3 ያህል ናቸው። ጉበትን የሚያጠቃው ሄፓታይተስ ቢ ግን ካልተከተቡ 100 ሰዎች እስከ 30 የሚደርሱትን ሊይዝ ይችላል። ክትባቱ ደግሞ አለ፤ በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ መውሰድ ብቻ ነው። ተማሪ ገና ወደ ታካሚ አልጋ ሳይቀርብ መከተብ ሲገባው፣ ከተመረቀ በኋላ «ወረፋ ያዝ» የሚባልበት ምክንያት አይገባኝም። ያናድደኛልም።

ዛሬ የምናከብረው ቀን የዘመናዊ ነርስነት መሥራች የምትባለው የእንግሊዛዊቷ ፍሎረንስ ናይቲንጌል የልደት ቀን ነው። ሰዎች ሌሊት ቁስለኞችን ስትጎበኝ የያዘችውን መብራቷን ይዘክራሉ፤ እኔ መዝገቧን እወድዳለሁ። በክሪሚያ ጦርነት ከቁስል ይልቅ በበሽታ የሞተው ወታደር እንደሚበዛ ቆጥራና አስልታ ለመንግሥቷ አሳየች። ያልተቆጠረ ሞት ማንንም አያስደነግጥምና። የእኛም ያልተመዘገበ የመርፌ አደጋ ሳጥን አያስገዛም፣ ክትባት አያስመጣም። እባካችሁ፣ ልጆቼ፣ ተወግታችሁ ዝም አትበሉ። እናንተ ኃላፊዎች ደግሞ «ተወጋሁ» ብላ የመጣችን ነርስ መጀመሪያ «ሳጥኑ ሞልቶ ነበር ወይ?» ብላችሁ ጠይቋት። «እንዴት አትጠነቀቂም?» ያላችኋት ዕለት ሁለተኛ አትነግራችሁም።

ሌላም ብዙ አለ። በሐዘን የነደደ አስታማሚ እጁን ሲያነሣ ጥበቃው በር ላይ ብቻ መሆኑ፤ ማታ ከሥራ የምትወጣ ነርስ በጨለማ ታክሲ ፍለጋ መቆሟ፤ ታካሚ ብቻዋን እያነሣች ወገቧ የተያዘው። እያንዳንዱ የራሱ ቀን ይገባዋል፤ አንዱንም አላቃለልኩም።

ከእናንተ ከሆስፒታል ኃላፊዎች ግን ለዛሬ አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ከዚህ ስትወጡ፣ ነገ ሳትሉ፣ በየሆስፒታላችሁ ወዳለው የሌሊት ተረኛ ደውሉ። የመከላከያ መድኃኒቱ ቁልፍ ዛሬ ሌሊት ማን ጋር እንደሚያድር ጠይቁት። «አላውቅም» ብሎ ከመለሰላችሁ፣ ከመምሸቱ በፊት ቁልፉን ወደ ተረኞቹ ክፍል አስመጡት።

አመሰግናለሁ።